ሠላሳ ቋጠሮ

የልጅ ልጆቼ ጠይቀውኝ ነው እንጂ እኔስ በራሴ አልጀምረውም ነበር። ባለፈው ሳምንት ትልቋ፣ ትዕግሥት፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ አየኋት። ከከተማው ዳር ሰባታሚት ያሉትን አቅመ ደካሞች ሆስፒታል የሚያደርስ ባጃጅ በየተራ የምትልክላቸው እሷ ናት፤ ሥራዋ ነው። የማን ቀን መቼ እንደሆነ ስልኩ ይነግራታል። «የእኔ ስልክ ቃጫ ነበር» ብላት ሳቀች። ታናናሾቿም ሰምተው መጡና «እማማ፣ ንገሪን» ብለው ከበቡኝ። እንግዲህ እኔ ላውራ፣ ትዕግሥት ትጻፍ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ቀያችን ከወንዛዬ ፍል ውኃ መለስ ብላ፣ የመኪናው መንገድ ዳር ነበረች። ሾላው ሥር ዳቦ ቆሎ እሸጥ ነበር፤ በእሸት ወራት ደግሞ የተጠበሰ በቆሎ። ደግሞ የዚያን ጊዜ በቆሎ! ገለባውን ስትገልጡት ሽታው ብቻ ያጠግብ ነበር። ባሕር ዳር የምትወርድ አንዲት የጭነት መኪና ነበረች፤ የምትመጣውም ለገበያ ቀን ነው። ገና ሳትቆም ጎረምሳው እየዘለለ ይሞላታል። ሽማግሌው፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ እጁ ያጠረው ድሀ ጭሷን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስት ገበያ ሙሉ ተመላልሰው ሳይሳፈሩ የቀሩ አሮጊት በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ሾፌሩን ሰይድን ያዝሁት። የጣና ዳር ሰው ነው፤ አባቱ ጀልባ ይሠሩ ነበር።

«ጋሼ ሰይድ፣ የፊተኛውን ቦታ ለደካሞቹ ተውልኝ። ተራቸውን እኔ እይዛለሁ።»

«በምን ልትይዢው? ደብተር አለሽ?»

«ቃጫ አለኝ።»

ሳቀብኝ፤ ግን እሺ አለ። ለየደካማው ቤት አንድ አንድ የቃጫ ክር እሰጣለሁ። መኪናዋ እስክትመጣ የቀረውን ቀን ያህል ላላ አድርጌ እቋጥርበታለሁ። በየማለዳው አንዷን ይፈታሉ፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ወደ መንገድ ይወጣሉ። ዓይነ ስውሩም በጣቱ ዳብሶ ያውቀዋል። እንዲህ እያልን አንድ በጋ ሠራን።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህር፣ የኔታ የምንላቸው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ነበር። ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ባሕረ ሐሳቡን በቃላቸው አስልተው የሚናገሩ ሰው፣ መጽሐፋቸውን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። በቡሄ ማግስት ታዲያ ቁስል የሚያክመው የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣና ለሰው ሁሉ ተናገረ፦ «የዛሬ ወር፣ መስከረም አሥራ አራት፣ የዓይን ሐኪሞች ባሕር ዳር ይመጣሉ። የሚቆዩት ሁለት ቀን ብቻ ነው።»

የየኔታ ባለቤት እማማ የሺ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ይህ ካመለጠ ሌላ መቼ ይገኛል? መጽሐፋቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱብኝ።»

ሰይድም ከገበያ ቀን ውጭ ለእኛ ብሎ ሊመጣ ቃል ሰጠ። እኔም ቋጠርሁ። ወር ማለት ሠላሳ ቀን አይደል? ዓይን ለታመመባቸው ስምንት ቤቶች ሠላሳ ሠላሳ ቋጥሬ አደልሁ። ቀኑን ማን ያስታውሳል፤ ቋጠሮው ያስታውሰዋል አልሁ።

ቅዱስ ዮሐንስ አለፈ፣ አደዩ ሜዳውን አለበሰው፣ ቋጠሮውም አለቀ። በዚያ ማለዳ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት የኔታ ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው የእማማ የሺን ክንድ ይዘው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እማማ ዘውዴን፣ እግራቸው የማይንቀሳቀሰውን፣ አስማማው የሚባል ጎረምሳና ጓደኞቹ ከማዶ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው፤ ከዋዜማው ተነሥተው ጎዳና አድረው ነው የደረሱት። ሾላው ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች፣ በሶው ተበጠበጠ፣ ቀትር ሆነ። መኪና የለም።

«ውባለም!» አለ አስማማው፣ የቆሰለ ትከሻውን እያሸ። «መኪናሽን ከቃጫው ጋር ቋጥረሽ ረሳሻት እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እሱም ሞቅ አለው። «ፊደል ያልቆጠረች ቀን ስትቆጥር እንዲህ ነው! ሁለተኛ ብሸከም ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!»

ያን ጊዜ ከከተማ በበቅሎ የሚመለስ ነጋዴ ደረሰ፤ ስለ ሐኪሞቹ ጠየቅነው። «ሐኪሞቹ መቼ መጡና?» አለ። «አሥራ አራት ነው ያሉት። ዛሬ ገና ዘጠኝ አይደል?»

በጣቴ ቆጠርሁ። ነሐሴ፣ መስከረም... ጷጉሜን! አምስቱን ቀን ዘልዬው ኖሯል። ምድር ብትከፈት በገባሁ ነበር። ያፈርሁት ለራሴ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ተሳልቆባቸው ከገቡ ሁለተኛ አይወጡም፣ የኔታም በጨለማቸው ይቀራሉ።

የኔታ በትራቸውን መሬት መቱ። «ተዉአት። ቀኑን ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። እርጅና ነው፣ ጷጉሜንን አስረሳኝ።»

እኔ የቆጠርሁት ብቻዬን ነበር። አፌን ልከፍት ስል እማማ የሺ ክንዴን ቆነጠጡኝ። በየኔታ ማን ይስቃል? አስማማው አንገቱን ደፋ። «የኔታ ከሳቱማ እኛ ምን እንሁን» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ አምስት ቀን ናት» አሉ የኔታ። «ሩቆቹ ለምን ይመለሳሉ? መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ አንድ አንድ እንግዳ ይቀበል።»

ተቀበለም። እማማ ዘውዴ እኛ ቤት ሰነበቱ፤ በአምስት ቀን የእናቴን ጥጥ ፈትለው ጨረሱት። በአሥራ አራተኛው ማለዳ ሰይድ ጭድ ጎዝጉዞባት መኪናዋን ይዞ መጣ። «እናቶቼ፣ ቀስ በሉ፤ ዛሬ የሚቸኩል የለም» እያለ እማማ ዘውዴን በገዛ እጁ አቅፎ ጋቢና አስገባቸው። ስምንቱም ተሳፈሩ። አንድ ሰው አልቀረብኝም።

ስንመለስ የኔታ አንድ ዓይናቸው ተገልጧል። አባይ ድልድይ ላይ «አቁምልኝ» ብለው ሰይድን አስቆሙትና ውኃውን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስኪ ያን ቃጫ አሳዪኝ።» ሰጠኋቸው። በክሩ ጫፍ አምስት ትንንሽ ቋጠሮ ጨመሩበትና «ይህ የጷጉሜን ነው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያን ሥራ ለብዙ ዓመት ሠራሁት። ሌሎች ሾፌሮችም መጡ፤ ሁሉም ሾላው ሥር ሲደርሱ «የውባለም ሰዎች ይቅደሙ!» ብለው ነበር የሚጣሩት፤ ጎረምሳውም ወደ ኋላ ይል ነበር። አስማማው እንኳ ቃሬዛውን ቤቱ ሰቅሎ ጥሪዬን ይጠብቅ ነበር። አሁን ትዕግሥት «ስልኬ ጷጉሜንን አይረሳም» ትለኛለች። ደግ ነው። ብቻ ስልክ የሳተ ቀን ከሰው ጋር ጭቃ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን ደግሞ እንድትጽፈው አዝዣታለሁ።

እኔ ለብዙ ዓመት የኔታ ያን ቀን እንደ እኛው ተሳስተው ወጥተው፣ እዚያው አዝነውልኝ ጥፋቴን የተሸከሙ ነበር የሚመስለኝ። እማማ የሺ እውነቱን የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ፣ በየኔታ ተዝካር ዕለት ነው። ሾላው ሥር በዋልንበት ቀን ዋዜማ፣ ማምሻውን፣ እሳቸው «አንድ ቋጠሮ ቀረን፤ ነገ ነው» ቢሏቸው፣ የኔታ በጣታቸው ቆጥረው ሳቁ አሉ። «ልጅቱ ጷጉሜንን ዘልላታለች።»

«ታዲያ አይነግሯትም?»

«ዘውዴ ይኼኔ ከማዶ በቃሬዛ መንገድ ጀምራለች፤ ማን ይመልሳታል? እኔ ከቤት ከዋልሁ፣ ነገ ሰው ሁሉ ሲስቅባት ልጅቱ ብቻዋን ልትቆም ነው። በይ ጋቢዬንና በትሬን አዘጋጂ፤ ማልደን እንወጣለን።»