ለደም የተፈታ ጾም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማይኩን ቶሎ አልለቅም! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። ሃሌሉያ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ ሰበታ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያኔ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን አላምንም ነበር። ባለቤቴ አስቴር ስትጸልይ፣ "ጸሎትሽ ደም ማነስ ያክማል?" እያልኩ አሾፍባት ነበር። እሷ ስቃ ታልፈኛለች።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ መጣ። አስቴር እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ምጥ ጠንቶባት አድራ ስትወልድ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ ይቃጠል ነበር። ልጃችን በሰላም ተወለደች፤ የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ ወጥቶ፣ "ደም ካልተተካላት አትተርፍም። ከአዲስ አበባ የሚገባ መኪና የለም፤ እዚሁ ሰጪ ፈልግ" አለኝ። የእኔ ደም ደግሞ ለእሷ አይሆንም!

የአስቴር የጸሎት ቡድን ሰምቶ በእግሩ መጣ። ሳያቸው ተናደድኩ፤ "የምፈልገው ደም ነው እንጂ ጸሎት አይደለም!" አልኳቸው። መሪያቸው ኦቦ ገመቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ስመረምራቸው የእሳቸውና የሁለት እህቶች ደም ተስማማ። ጌታ ይመስገን! መርፌውን ሳነሳ ግን የኦቦ ገመቹ ከንፈር ደርቆ አየሁ።

"ኦቦ፣ እህል ቀምሰዋል?"

"ምጥ ከያዛት ከትናንት ጀምሮ ለአስቴር ጾም ላይ ነን።"

"እንግዲያው አልወስድም። ሳይበሉና ሳይጠጡ ቢሰጡ እርስዎም ይወድቁብኛል።"

አንዷ እህት፣ "እሷ ሳትድን ጾሙን እንዴት እንፈታለን?" ብላ አለቀሰች። ቅዱሳን፣ በእነሱ ጾምና በእኔ ሳይንስ መካከል ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ግን፣ "ጾሙ ለእሷ ሕይወት አይደለም እንዴ? ኛዻ! ብሉ! ጌታ ይህን ልጅ ሕክምና ያስተማረው ለዛሬ ነው" ብለው፣ ለአራሷ የያዝኩትን ዳቦ ቆርሰው አደሏቸው። እሳቸውም በሉ።

እዚያ ነው የተሸነፍኩት! እኔ በአምላካቸው ሳፌዝ ኖሬ፣ እሳቸው የእኔን ትምህርት ከአምላካቸው እጅ ተቀበሉት። ደማቸው ሲወርድ አጠገባቸው ተንበርክኬ ጸለይኩ። መጸለይ ስለማላውቅ፣ "የኦቦ ገመቹ አምላክ ሆይ፣ አስቴርን አትውሰድብኝ" ነበር ያልኩት። ክብር ለስሙ! ደሙ ሲገባላት፣ ራሷን ስታ የነበረችው አስቴር ዓይኗን ገለጠች።

ያቻት፣ እዩአት! ልጃችንም ከሕፃናት መዘምራን ጋር ቆማለች። ኦቦ፣ እስቲ ይነሱ፣ ጉባኤው ይይዎት! እኔ በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ፤ በሙያዬም እኮራለሁ፤ ከሁሉ በላይ በጌታዬ እኮራለሁ!

ሐኪም ጋ መሄድ አለማመን የሚመስላችሁ፣ እንደ እኔም በትምህርታችሁ ብቻ የተመካችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ አያሳፍራችሁም። ነገ የጾም ጸሎታችንን ስንፈታ በሩ ላይ የደም መውሰጃ መርፌዬን ይዤ እጠብቃችኋለሁ። ታዲያ በልታችሁ ኑ!