አያ ታከለ በቃሬዛ ጎንደር ገቡ

እዚህ ሆስፒታል ደጅ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ልባችሁን አጽኑ! የጠዳው አጎቴ አያ ታከለ ዛሬ በቃሬዛ ጎንደር ገቡ።

አዘዞ ስንደርስ ሴቶች አስከሬን መስሏቸው እዬዬ አሉ። ከፊት የተሸከምኩት እኔ ደግሞ «ወየው አያ ታከለ!» ብዬ አቀለጥኩት።

አያ ታከለ ጋቢያቸውን ገልጠው፣ «አንተ እርኩስ! እግሬ እንጂ ነፍሴ መች ታመመች?» አሉኝ።

ሳቁ እዚህ ላይ አለቀ። እግራቸው እንደ ቅል አብጧል፤ «ከተቆረጠ በሬዎቼን ማን ይጠምዳቸዋል?» እያሉ ነው የመጡት።

ጣሊያን ለማኪናው በጠዳ በኩል መንገድ ጠረገ፤ ለወታደሩ ለሶላቶው ጎንደር ላይ ሆስፒታል ሠራ። ለጠዳ ገበሬ ግን ቁስል የሚያጥብ አንድ ሰው ነፈገ! ማኪናውም «ሀበሻ አይሳፈርም» ብሎ አቧራውን አልብሶን አለፈ። አቧራው እንኳን በነጻ ነው፣ ተመስገን።

የሆስፒታሉ ጣሊያን ሐኪም ነቀለ፣ አጠበ፣ ጠቀለለ፤ በቃ። ከዚያ በአስተርጓሚው፣ «ይቺን ይዛችሁ ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣችሁ?» አለን።

«ጠዳ ላይ ማን አለና ጌታዬ?» ብዬ ስጀምር አስተርጓሚው «ዝም በል» አለኝ።

እናንተስ ሰው ተሸክማችሁ የመጣችሁት በምን ሕመም ነው? እስቲ ንገሩኝ።

የእኛስ እውነቱን ለመናገር ኢምንት ነገር ነበር፤ በወስፌ አልወጣ ያለ አንድ የግራር እሾህ።