የማይከደን ቆብ

መጀመሪያ አሸዋ የገባብኝ መስሎኝ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያው ዳር፣ በልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን በረንዳ ላይ የሚሊሻ ካኪ ስሰፋ ቀኝ ዓይኔን ቆረቆረኝ። አሸሁት፤ ባሰበት። ውሎ አድሮ እንባው ጨርቁ ላይ እየተንጠባጠበ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ባለቤቴ ዘሀራ ወደ ብርሃን አዙራ የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ፀጉር ገብቶብሃል" አለችኝ። ሽፋሽፍቴ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኔን እየወጋው ነበር።

ለዚህ የእኛ አገር መድኃኒት ወረንጦ ነው። ከሴቶች አንገት አይጠፋም፤ ከጆሮ ኩክ ማውጫው ጋር በአንድ ክር ይንጠለጠላል። ዘሀራም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ትነቅልልኛለች። ከዚያ ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና በዚያው ጫፍ የራሷን ፊት ታብሳለች። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ይቀፈኛል። የተነቀለው ፀጉር ደግሞ ሲመለስ እንደ ተላጨ ጢም አጭርና ሸካራ ሆኖ ነው። መግሉ፣ ዝንቡ፣ ሲነጋ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለው ቆብ! ልለካው የተጠጋሁት ደንበኛ ፊቱን ሲያዞርብኝ አልፈረድኩበትም። እኔም ራሴን ተጸይፌው ነበር።

የፈራሁት ግን መታወርን ነው። ዓይኑ የጠፋ ልብስ ሰፊ ምን ሠርቶ ያድራል?

ሆስፒታሉ ቅርባችን ነበር። ታዲያ "እዚያ ቆብ ይቆርጣሉ፣ መልክ ያበላሻሉ" ሲባል እሰማ ስለነበር፣ መልኬን ብዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድኩ። መልኬን! ውሃው ዳር ዓይን አድናለሁ የሚሉ ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። ቆቤን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ሳቡት።

"ይኸ ትርፍ ቆዳ ነው ልጄ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ የሚገፋብህ። ቢላ አላስነካህም። ራሱ ይወድቃል።"

"ያማል ወይ፣ አባባ?"

"ከመውጋቱ አይብስም።"

ሸምበቆ ሰነጠቁ። የቆቤን ቆዳ ሰብስበው በስንጥሮቹ መሀል አስገቡ። ጫፍና ጫፉን በክር አሰሩ። አጠበቁት።

እንደ ታሰረ ቤቴ ገባሁ። ቆዳው አበጠ። ጠቆረ። ሸተተ። የሚሸተኝ የራሴ ሥጋ ነበር። እህል አልወርድ አለኝ። አንድ ጠዋት ለሶላት ስታጠብ ቁራጩ ከነሸምበቆው እፍኜ ውስጥ ወደቀ።

ፀጉሩስ ከዓይኔ ወጣ። ዓይኔ ግን አልከደን አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ተኝቼም ይፈጣል። ዘሀራ እርጥብ ጨርቅ ታለብስልኝ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን በበራፏ ሳልፍ በዓይኔ እንዳልበላው ፈርታ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነችው። ቤቴ ገብቼ መስተዋቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሽማግሌውንም፣ ፊቴንም፣ ያን መልክ መልክ ያልኩበትን አፌንም ጠላሁ። በዚህ መሀል ደህናው የግራ ዓይኔ መቆርቆር ጀመረ።

ዘሀራ ያኔ ምክርም አልጠየቀችኝ፤ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ለዓይን ሕሙማን ከጎንደር የመጡ ሐኪም ነበሩ። በባትሪ አዩኝ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?"

ነገርኳቸው።

"በሽታዎ ትራኮማ ነው። ፀጉሩ ሲታጠፍ ትራኪያሲስ እንለዋለን። የግራውን ቆብ ከውስጥ ቆርጬ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሬ እሰፋዋለሁ። የቀኙ ስለማይከደን ኮርኒያው፣ ማለት የብሌኑ ሽፋን፣ እየደረቀ ነው፤ ከጆሮዎ ኋላ ቆዳ ወስጄ እተካበታለሁ።"

"እራፊ መጣፍ ነዋ?"

"እራፊ መጣፍ ነው። መልክዎ እንደ ድሮው አይሆንም። ማየትዎን ግን ላተርፍልዎ እችላለሁ።"

የማደንዘዣው መርፌ ቆቤ ውስጥ ገባ። ደነዘዘ። መቀሱን ሰማሁት። ክሩ ሲሳብ ሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ በራሴ ፊት ላይ ሲሆን ግን ጥርሴን ነከስኩ።

ፋሻው ከተፈታልኝ በኋላ ዘሀራ ቴትራሳይክሊን ቅባቱን ጠዋትና ማታ ትቀባኝ፣ ፊቴን በሳሙና ታጥበኝ፣ ለእኔ ብቻ የለየችውን ጨርቅ ቀቅላ ታሰጣልኝ ጀመር፤ እብጠቱም ቀስ በቀስ እየጎደለ ሄዶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የማንንም እርዳታ ሳልጠይቅ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሳሳልፈው አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለቱ ዓይኖቼ ዛሬ አይመሳሰሉም። የግራው ትንሽ ከፍ ስላለ የተገረምኩ ያስመስለኛል። የቀኙ እራፊ ከፊቴ ጠቆር ይላል፣ ጠርዙም የተኮማተረ ነው። ያምራል ብዬ አልዋሻችሁም፤ እኔንም አንዳንዴ ይዘገንነኛል። ግን ይከደናል።

እኔ ከዳንኩ በኋላ ዘሀራ ከጓሮ ተደብቃ የራሷን ሽፋሽፍት ስትነቅል አገኘኋት። ሆስፒታል እንሂድ ብላት "ያንተን አይቸው የለ እንዴ! እንዲያ ከምሆን ይቅርብኝ" አለች። አልተቀየምኩም። የቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ፊቷ ቆምኩ።

"ሽማግሌው የሠሩትን ሸፍኘዋለሁ። የሐኪሙን ብቻ እይው።"

አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። ብዙ አየችኝ።

"እሱስ ደህና ነው" አለች። በነጋታው ሄድን።

ለእኚያ ሐኪምና ቁስሌን ሲያጥቡ ፊታቸውን ላላጠቆሩት አስታማሚዎች አላህ ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ፀጉር የገባባችሁ ሆይ፣ ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የፊት መጥረጊያ ጨርቅ አትዋዋሱ፤ አትንቀሉ፤ ሸምበቆ የያዘ ሰው ካያችሁ ሽሹ። መልኬ ይለወጣል ብሎ የሚፈራ ካለ ደግሞ እኔ ዘንድ ይምጣና ሁለቱንም ዓይኖቼን አይቶ ይምረጥ። ዘሀራም አለች፣ ከእኔ አምሮላታል። ወረንጦዋን ሰጥታኛለች፤ ስፌቱ ሲያልቅ ለጊዜው የያዝኩበትን የውስዋስ ክር እነቅልበታለሁ።