አጎቴ እናቴን መንገድ ሲያሻግር

ዛሬ መሀል ሀርጌሳ አጎቴ እናቴን እንደ ሕፃን እጇን ጨብጦ መንገድ አሻገራት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ልጅ ወልዳለች።

ሁሌም እንዲህ ነው፤ ባጃጅ ካየ እጇን ለቀም ያደርጋል። (የኔን ይዞ አያውቅም። እኔን ባጃጅ ቢገጨኝ ግድ የለውም መሰለኝ።)

"አብቲ" አልኩት፤ አጎቴን የምጠራው እንዲህ ነው። "እማዬ እኮ አድጋለች!" ብዬ ሳቅሁበት።

እሱ አልሳቀም። "በጦርነቱ ጊዜ ከተማው በአውሮፕላን ሲደበደብ እዚህች ጋ ነበርን" አለኝ። "እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ አምስት። እናታችን 'እጇን እንዳትለቅ' ብላኝ አባታችንን ልትጠራ ተመለሰች። እስከ ኢትዮጵያ ድንበር ድረስ አልለቀቅኳትም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'በቃ ልቀቃት' የሚለኝ ሰው አልመጣም።"

አያቴ በዚያው እንደቀረች አውቅ ነበር። ይሄን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

"እጁ ደግሞ ላብ በላብ ነው" አለች እናቴ። ግን አላስለቀቀችውም።

ስንመለስ ሌላኛውን እጁን እኔ ያዝኩት። እውነቷን ነው፣ ላብ በላብ ነው።

እናንተስ? የእናንተ ትልልቆች ያን ቀን የት ነበሩ? ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቋቸውና እዚህ ሥር ጻፉልኝ።