የሙሽራዋ እግር

ማዕከላችን ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እኔና ዘይነባ እርዳታ ልንጠይቅ ካፉሪ ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሄድን። ዘይነባ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ተማሪዎቻችን ትልቋ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ብዙ አታወራም።

የመጀመሪያውን ቪላ እንዳንኳኳን አንዲት ሴትዮ በሩን በርግዳ፣ «የት ጠፋሽ? ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ ግቢ!» እያለች ጎትታ አስገባችኝ። ሰርግ ቤት ነው! ሂና የምትስለው ሴት ቀርታባቸው ኖሯል፤ አንዲት ሐበሻ ሴት ቦርሳ ይዛ ሲያዩ እሷ መሰልኳቸው። «ኧረ እኔ ለእርዳታ...» ከማለቴ ሙሽራዋ እግሯን ጭኔ ላይ ጫነችው፤ የሂናውን ቱቦ አስጨበጡኝ። ወላሂ፣ እኔ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አስምሬ አላውቅም!

ዘይነባ ቱቦውን ቀማችኝ። የማዕከሉን ግድግዳ በአበባ የሞላችው እሷ ናት፤ ያንኑ አበባ ከሙሽራዋ ቁርጭምጭሚት እስከ ጣቷ አወረደችው። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ! አክስት፣ እህት፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰለፈ። እኔ ስለ ማዕከሉ ባስረዳ፣ ባስረዳ፣ ማን ይስማኝ? ስልክ ቁጥሬን ጽፌላቸው ወጣን።

በማግስቱ ሴትዮዋ ደወለች።

«ሐሙስ ሌላ ሰርግ አለን። ለማዕከላችሁ ያዋጣነውንም ያኔ እንሰጣለን።»

«ኢንሻአላህ፣ እንመጣለን!» አልኩ እየዘለልኩ።

«ዘይነባ ትምጣ፤ መኪና እንልካለን። አንቺ ቅሪ፣ ወሬ ታበዣለሽ።»