ከሥዕሉ ግርጌ የቆረጥኩት ሰው

ደባርቅ ከሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ደሴ የማሽኑን ማብሪያ አሳዩኝና፣ «የሰው ነገር ዝም ብለሽ አታባዢ፤ ፈቃድ መኖሩን ጠይቂ» አሉኝ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የተነገረኝን እንዳለ ነው የምይዘው። የመጀመሪያው ደንበኛዬ መታወቂያቸውን ኮፒ ለማድረግ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። «ፈቃድ ይዘዋል?» አልኳቸው።

«ለራሴ ፊት ማንን ላስፈቅድ?»

ጋሽ ደሴ ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰማኝ።

ቀስ በቀስ መተየቡን፣ ፎቶ ማስተካከሉን፣ ላሚኔት ማድረጉን ለመድኩ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ሁለት ሴት ልጆቼ የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው፤ አንድ ነገር አጥፍቼ የምባረር እየመሰለኝ ሁሉን ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። ደንበኞች «መርማሪዋ» ይሉኛል።

አንድ ነሐሴ አንድ ባለ ሆቴል ለአዲስ ዓመት ባለ አንድ ገጽ ካላንደር አዘዙን፤ ሁለት መቶ። ከላይ ዳባት አጠገብ ካለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የጥንት የእመቤታችን ሥዕል፣ ከታች ወራቱ።

«ሠዓሊው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ በሕግ የእሱ መብት አብቅቷል» አሉ ጋሽ ደሴ።

«ቤተ ክርስቲያኗ ግን አለች» አልኩ።

«እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያ።»

ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ሥዕሏን በስልኬ ፎቶ እንዳነሣት ፈቀዱልኝ። «እንድትባዛ ፈቅደናል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ።

ኮምፒዩተር ላይ ሳሰናዳው አሥራ ሦስቱ ወራት ቦታ አጡ። ከሥዕሉ ግርጌ ነጭ ለብሶ በግንባሩ የተደፋ ትንሽ ሰው አለ፤ አጠገቡ አንድ መስመር ግዕዝ። እሱን ቆርጬ ወራቱን አስገባሁ። ሁለት መቶውንም አተምኩ።

በቃሌ መሠረት አንዱን ይዤ ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ሳይቀር አዩት።

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ፣ አባ?»

«ከእግሯ ሥር የተደፋው ነዋ። ሥዕሏን ያሣላት እሱ ነው። ጽሑፉ ‹ተማኅፀነ› ይላል፤ በእሷ ተማጽኖ ነው የተደፋው።»

አጠገባቸው የተቀመጡት እማሆይ ዘውዴ ቀና አሉ። ሰውየው ቅድመ አያታቸው ኖሯል።

«የት አደረግሽው፣ ልጄ?»

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው፣ እማሆይ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ከእግሯ ሳይነሣ የኖረን ሰው አንቺ አስነሣሽው። በይ መልሺው።»

ቄሰ ገበዙ ደብዳቤውን ተቀበሉኝና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «የፈቀድነው ሥዕሏን ነው። ቁራጯን አይደለም።»

ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብባረር ለልጆቼ የምነግረውን ሳሰላስል መጣሁ። ለጋሽ ደሴ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከታተሙት አንዱን አንሥተው ግርጌውን አዩት።

«ሳታስፈቅጂ አትመሽ ቢሆን አባርርሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አስፈቅደሽ ያጠፋሽውን ግን ምን ላድርግሽ? የታተመው መጣል የለበትም፤ ሥዕሏ አለችበት። ለቤተ ክርስቲያኗ አስረክቢ። ካላንደሩንም እንደገና ሥሪ።»

ወራቱን አሳንሼ ሰውየውን ከነጽሑፉ ቦታው መለስኩት። ባለ ሆቴሉ አዩና፣ «ቀኖቹ ጉንዳን አከሉ እኮ» አሉ።

«መነጽር ያድርጉ» አሏቸው ጋሽ ደሴ።

በዚህኛው ዙር ሁሉንም ሳላትም አንድ ናሙና ብቻ ይዤ፣ የተቆረጡትንም በማዳበሪያ ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሄድኩ። እማሆይ ናሙናውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ግርጌውን በጣታቸው ፈለጉ።

«አለ» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ከማኅተሙ በላይ «ከነተማጻኙ» የሚል ቃል ጨመሩበትና ሰጡኝ። ካላንደሩ ለእንቁጣጣሽ ደረሰ፤ እኔም ከሥራዬ አልተነሣሁም።

ዛሬ አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው ይህን ነው፤ ፈቃድ ስትጠይቁ የምትቆርጡትንም አሳዩ።