የሐዲጃ ጃቢር ስም

ዐዚዛ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ፊት ቀና ብላ አትናገርም። ፊደልም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠረችው ብቻ ነው፤ ያንንም ጣቷን እያስከተለች ነው የምታነበው።

በ2008 ዓ.ም. ነው። የኢንተርኔት ቤት ላለው ለምንዳዬ መጋረጃ ሰፍታ ስታደርስለት፣ "እትዬ ዐዚዛ፣ እስኪ ይምጡ፤ የድሮ ጎንደርን ላሳይዎት" አላት። አንድ የውጭ አገር ሙዚየም የሰዎችን ምስል ሰብስቦ በኢንተርኔት አውጥቶት ኖሯል። ካህኑም፣ ወታደሩም፣ ሽማግሌውም አለፈ። ቀጥሎ ሻሽ ያሰረች፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ የሱቅ ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት መጣች።

ዐዚዛ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገች። "እናቴ ናት" አለች።

"ከሥሩ 'የነጋዴ ሚስት፣ ጎንደር' ይላል።"

"የምን ሚስት? ይህን ቁልፍ ያጠለቀችው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ነጋዴዋ ራሷ ናት።"

የሚያውቅ ሰው ስም የሚጽፍበት ቦታ እንዳለ ምንዳዬ አሳያት። እሷ ግን አጎቷን ሳትነግር አልደፈረችም።

አያ ዐብዱልከሪም የአባቷ ወንድም ነው። ሰምቶ ሲያበቃ፣ "የሴት ስም ለባዕድ ይጻፋል እንዴ?" አላት።

"ፊቷ ወጥቶ የለም? ስሟ ምን ያደርጋል?"

"ምነው ዛሬ አፍ አወጣሽ? ሱቁ የወንድሜ ነው። ሚስቱ ብትባል ምን ጎደለባት?"

"አባቴ ሲሞት ሱቁ ባዶ ነበር፣ አያ። አቡጀዲውን ከመተማ እያመላለሰች የሞላችው እሷ ናት። ቁልፉን አምጪ ሲሏት እምቢ ያለችውስ ማንን ነው?"

ሽማግሌው መቁጠሪያውን አፍተለተለ። "እኔን" አለ። "ግትር ነበረች።" ቀጥሎም፣ "ከጻፍሽ ቤቴን እንዳትረግጪ" አላት።

ዐዚዛ "እንግዲያው ደህና ይሁኑ" ብላ ወጣች።

ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ተመልሳ አጎቷ ያለውን ነገረችው። ምንዳዬ ልጻፍልዎት ቢላት እምቢ አለች። የትኛውን ፊደል እንደምትነካ ብቻ አሳያት፤ በአንድ ጣቷ፣ ላብ እያጠመቃት ጻፈች። "ሐዲጃ ጃቢር። ነጋዴ። ባሏ ሞቷል። ሱቁ የራሷ ነው።"

"የመጨረሻዋ ትቅር ይሆን? አጎትዎ ይቀየማሉ" አላት ምንዳዬ።

"ይቀየሙ። ላከው።"